ቸርኬ ሲተልቅ ጎማው እንዴት ይመረጣል?

መኪና ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ቸርኬ በትልቅ የአሉሚኒየም ቸርኬ መቀየር በአዲስ አበባ የተለመደ ሆኗል። ከመገናኛ ተነስቶ በጉርድ ሾላ በኩል ወደ አያት በሚዘልቀው ጎዳና፣ ባለ14 ኢንች የብረት ቸርኬ የነበራቸው ትናንሽ መኪኖች ባለ16 ወይም ባለ17 ኢንች ቸርኬ ተገጥሞላቸው ሲያልፉ ማየት እንግዳ አይደለም። ቸርኬውን ዓይን ሊመርጠው ይችላል፤ ጎማውን ግን የሚመርጠው ቁጥር ነው። መሠረታዊው ደንብ አንድ ነው፦ ቸርኬው በጨመረው መጠን የጎማው ጎን ይቀንሳል፤ የጎማው ጠቅላላ ቁመት ግን አይለወጥም። ይህ ከተጠበቀ በኋላ የሚቀሩት ጥያቄዎች አራት ናቸው። ጎማው ለቸርኬው ስፋት ይስማማል ወይ? የመኪናውን ክብደት ይሸከማል ወይ? የመኪናውን አካል ሳይነካ ይዞራል ወይ? መኪናው የሚውልበትን መንገድስ ይችላል ወይ?

በጎማው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ

ማንኛውም ጎማ ልኩ በጎኑ ላይ ታትሞ ይወጣል። 185/65አር15 88ኤች የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት 185 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል። 65 የሚለው መቶኛ ነው፤ የጎማው ጎን፣ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ ጥርሱ ድረስ ሲለካ፣ ቁመቱ የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። አር የምትባለው ፊደል የጎማው የውስጥ ክሮች ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብለው የተዘረጉበትን የራዲያል አሠራር ታመለክታለች፤ ዛሬ የቤት መኪና ጎማ ሁሉ ለማለት ይቻላል በዚህ መንገድ ይሠራል። 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 88 ጎማው የሚሸከመውን ክብደት፣ ኤች ደግሞ የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት በኮድ ይገልጻሉ።

ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት በሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው። መቶኛ በመሆኑ ስፋቱ ሲለወጥ ያው ቁጥር የተለየ ቁመት ይሰጣል። የ185/65 ጎማ ጎን 120 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ205/65 ጎማ ጎን 133 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ጎኑ ከላይም ከታችም ስለሚቆጠር ጠቅላላው ልዩነት 26 ሚሊ ሜትር ነው። «65 ነበር፣ 65 ይሁን» ብሎ ሰፋ ያለ ጎማ የገዛ ሰው ሳያስበው መኪናውን ከፍ አድርጎታል።

ስሌቱ

የጎማን ጠቅላላ ዲያሜትር ለማግኘት የእጅ ስልክ ሒሳብ ማስያ በቂ ነው። ስፋቱ በመቶኛው ይባዛል፤ የተገኘው የአንድ ጎን ቁመት ነው። ይህ በሁለት ይባዛል። ከዚያም የቸርኬው ኢንች በ25.4 ተባዝቶ ወደ ሚሊ ሜትር ይለወጥና ይደመርበታል። ለ185/65አር15 ሲሠራ፣ 185 በ0.65 ተባዝቶ 120.25 ይሆናል፤ ሁለት እጥፉ 240.5 ነው፤ 15 ኢንች ደግሞ 381 ሚሊ ሜትር ነው። ድምሩ 621.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል።

በአዲስ አበባ በታክሲነት በብዛት የሚታየው ሱዙኪ ዲዛየር ጥሩ ማሳያ ነው፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ራሱ ቸርኬ የማሳደጉን ሥራ ሠርቶ አሳይቷል። ይኸው መኪና በዝቅተኛው ደረጃ 165/80አር14፣ ከፍ ባለው ደረጃ ደግሞ 185/65አር15 ጎማ ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያው ጠቅላላ ዲያሜትሩ 619.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁለተኛው 621.5። ቸርኬው በአንድ ኢንች ቢያድግም በጎማዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚሁ መንገድ ወደ 16 ኢንች ለሚሄድ ሰው 195/55አር16 ይስማማል፤ ዲያሜትሩ 620.9 ነው። ወደ 17 ኢንች የሚሄድ 205/45አር17 ያገኛል፤ እሱ 616.3 ሲሆን ከመጀመሪያው በግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ያንሳል።

ለሌሎች መኪኖችም ስሌቱ አይለወጥም። 165/70አር14 ለያዘ ቪትዝ የ15 ኢንች ምትኩ 185/55አር15 ነው፤ 586.6 የነበረው 584.5 ይሆናል። 195/65አር15 ለያዘ መኪና 205/55አር16፣ ቀጥሎም 225/45አር17 ይመጣል፤ ሦስቱም ከ632 እስከ 635 ሚሊ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። 265/65አር17 ለያዙ ሃይሉክስና ፕራዶ ደግሞ 265/60አር18 ከቀድሞው የሚለየው በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በየደረጃው የሚሆነው አንድ ነው፦ ቸርኬው በአንድ ኢንች ሲጨምር ስፋቱ ባለበት ይቆያል ወይም በ10 ወይም በ20 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ መቶኛው ደግሞ በ5፣ በ10 ወይም በ15 ይወርዳል።

በጎማ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ገደብ አዲሱ ጎማ ከቀድሞው በ3 በመቶ እንዳይበልጥ ወይም እንዳያንስ ነው። ከ1 በመቶ በታች የሆነ ምርጫ እያለ ወደ ገደቡ መጠጋት አያስፈልግም።

ዲያሜትሩ ሲዛባ የሚበላሸው ነገር

የመኪና ፍጥነት መለኪያ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። በአንድ ዙር የሚሄደውን ርቀት ፋብሪካው አስቀድሞ አስልቶ ሰጥቶታል። ጎማው ሲያድግ በአንድ ዙር የሚሸፈነው መንገድ ይረዝማል፤ መለኪያው ግን የሚያውቀው የድሮውን ነው። 195/60አር15 የነበረበት ኮሮላ 615 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው። ባለቤቱ ቸርኬውን ወደ 17 ኢንች አሳድጎ ሻጩ ያቀረበለትን 205/55አር17 ቢያስገጥም ዲያሜትሩ 657 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ልዩነቱ ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። መለኪያው 60 ሲል መኪናው 64 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። የትራፊክ ራዳር የሚያነበው ትክክለኛውን ነው። የተጓዘው ኪሎ ሜትርም አንሶ ስለሚቆጠር የዘይት መቀየሪያና የሰርቪስ ጊዜ ይዛባል። ለዚያ መኪና ትክክለኛው ባለ17 ጎማ 205/45አር17 ነበር።

በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 መሠረት የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ማሳየት የለበትም፤ በተወሰነ መጠን አብዝቶ ቢያሳይ ግን ይፈቀድለታል። ስለዚህ አምራቾች መለኪያውን ትንሽ ከፍ አድርገው ይሠሩታል። የ1 በመቶ ልዩነት በዚህ ውስጥ ተውጦ ይቀራል፤ 7 በመቶ ግን ያልፈዋል።

ሁለተኛው ጉዳት በጉልበት ላይ ነው፤ ይህ በተለይ ለአዲስ አበባ አሽከርካሪ ይከብዳል። ጎማው በ7 በመቶ ሲያድግ ሞተሩ በመንገዱ ላይ የሚያሳርፈው የመግፋት ኃይል በዚያው መጠን ገደማ ይቀንሳል፤ ማርሾቹ ሁሉ እንደረዘሙ ይቆጠራል። ከተማዋ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ ጋራ ላይ ከአራት አንድ እጅ ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር የሚያመነጨው ኃይልም ከሞላ ጎደል በዚያው ልክ ይወርዳል። ከጉርድ ሾላ ወደ ኮተቤና ካራ ወይም ወደ እንጦጦ የሚወጣ ባለ1.0 ወይም ባለ1.2 ሊትር መኪና ከተፈጥሮ ከፍታው የተነሳ ኃይሉ ጎድሎበታል፤ የተጋነነ ጎማ ሲጨመርበት አሽከርካሪው ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ለመጨረስ ይገደዳል።

ሲወርድም ችግር አለ። የጎማው ዲያሜትር ሲጨምር ፍሬኑ በተመሳሳይ የእግር ግፊት መሬት ላይ የሚያሳርፈው የማቆም ኃይል ይቀንሳል። ትልቅ ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ከትንሹ ስለሚከብድ፣ ክብደቱም ከመሃል ወደ ዳር ስለሚርቅ፣ ፍሬኑ የሚያቆመው ዙር ራሱ ይበረታል። በረጅም ቁልቁለት ይህ ተደምሮ ፍሬኑን ቶሎ ያግለዋል።

የቸርኬው ስፋትና የጎማው ስፋት

ዲያሜትሩ የተስተካከለ ጎማ ለቸርኬው ስፋት የማይሆን ሊሆን ይችላል። ቸርኬ ላይ 7ጄ×17 የሚል ጽሑፍ ሲኖር 7 የቸርኬው የውስጥ ስፋት በኢንች ነው። ለእያንዳንዱ የጎማ ልክ የሚፈቀድ የቸርኬ ስፋት በዓለም አቀፍ ደረጃዎች ተወስኗል። 185/65አር15 ከ5 እስከ 6.5 ኢንች፣ 195/55አር16 ከ5.5 እስከ 7፣ 205/45አር17 ከ6.5 እስከ 7.5፣ 225/45አር17 ከ7 እስከ 8.5 ኢንች ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ ይገጠማሉ።

ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ጎኑ ወደ ውጭ ያብጣል፤ መኪናው ሲታጠፍ ይዋልላል፤ የጥርሱም መሃል ከዳሩ ቀድሞ ያልቃል። ጠባብ ጎማ በሰፊ ቸርኬ ላይ ሲወጠር ደግሞ የጎማው ጎን ወደ ውስጥ ያዘነብልና የቸርኬው ከንፈር ይጋለጣል። ይህ አገጣጠም በአንዳንድ ወጣቶች ዘንድ እንደ ጌጥ ይታያል። ነገር ግን ቸርኬውን ከመንገዱ ጠርዝ የሚከላከለው የጎማው ጎን በመሆኑ የመጀመሪያው ምት የሚያርፈው በአሉሚኒየሙ ላይ ነው፤ በድንገተኛ መታጠፍም ጎማው ከመቀመጫው የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል።

ክብደት የመሸከም አቅም

ብዙ ገዢ የማያየው፣ ሻጭም የማይጠራው ቁጥር የክብደት ኮዱ ነው። 82 ማለት 475 ኪሎ ግራም፣ 84 ማለት 500፣ 88 ማለት 560፣ 91 ማለት 615 ኪሎ ግራም በአንድ ጎማ ነው። ጎማው በጎኑ ሲያጥር በውስጡ የሚይዘው አየር ይቀንሳል፤ ክብደቱን የሚሸከመው አየሩ ስለሆነም አቅሙ አብሮ ይወርዳል። ወደ ዲዛየር ምሳሌ ስንመለስ 185/65አር15 በአብዛኛው 88 ኮድ ሲኖረው 205/45አር17 በመደበኛ አሠራሩ 84 ነው። ዲያሜትሩ ተስማማ ተብሎ የተገዛው ጎማ በየእግሩ 60 ኪሎ፣ በአራቱም 240 ኪሎ ግራም አቅም ቀንሷል ማለት ነው። አራት ተሳፋሪና ሻንጣ ለሚጭን ታክሲ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

መፍትሔው ተጨማሪ ጭነት እንዲችል ተጠናክሮ የተሠራውን፣ በጎኑ ላይ ኤክስ ኤል የሚል ምልክት ያለበትን ጎማ መምረጥ ነው። 205/45አር17 ኤክስ ኤል ኮዱ 88 ስለሆነ የጎደለውን ይመልሳል። ይህ ጎማ ግን ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው ከፍ ባለ የአየር ግፊት ነው። መደበኛ ጎማ ሙሉ ክብደቱን በ250 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም በ36 ፒኤስአይ ሲሸከም፣ ኤክስ ኤል 290 ኪሎ ፓስካል ወይም 42 ፒኤስአይ ይፈልጋል። በሾፌሩ በር ዓምድ ላይ የተለጠፈው የግፊት መጠን የተጻፈው ለፋብሪካው ጎማ ነው፤ ቸርኬና ጎማ ከተቀየረ በኋላ አዲሱ ግፊት ከጎማው አምራች ሠንጠረዥ መወሰድ አለበት። የፍጥነት ኮዱም ከፋብሪካው በታች መውረድ የለበትም። ኤስ 180፣ ቲ 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ማንም ሰው በአዲስ አበባ 180 አይነዳም፤ ኮዱ ግን ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚቋቋም ስለሚጠቁም ወደ አዳማና ወደ አዋሽ ቆላ በፈጣን መንገድ ለሚወርድ መኪና ትርጉም አለው።

የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህን ጉዳይ የበለጠ አክብደውታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ ቁጥር እየጨመረ ነው። ፎልክስዋገን አይዲ4ን የመሰለ መኪና ከባትሪው ጋር ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል፤ የኋላ ጎማዎቹም ከፊቶቹ ይሰፋሉ፣ ስለዚህ የፊቱና የኋላው ተለዋውጠው አይገጠሙም። ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ ከፋብሪካ 235/60አር18 ወይም 235/50አር20 ይዞ ይወጣል፤ 739 እና 743 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ደንቡ እዚህም ተጠብቋል። ይሁንና በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ባለ18 ኢንቹ የ2023 እ.ኤ.አ. ሞዴል በአንድ ቻርጅ 252 ማይል ሲሄድ ባለ20 ኢንቹ፣ ተጨማሪ ዕቃዎቹንም ይዞ፣ 242 ማይል ይሄዳል። ትልቅ ቸርኬ ከቻርጅም ላይ ይወስዳል።

ቸርኬው በመኪናው ላይ ሲያርፍ

ጎማው ከመመረጡ በፊት ቸርኬው ራሱ ለመኪናው የሚሆን መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የመጀመሪያው መለኪያ የብሎን ክበብ ነው። ቪትዝና ዲዛየር አራት ብሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክበብ ላይ አላቸው፤ ሃይሉክስና ፕራዶ ስድስት ብሎን በ139.7። እጅግ የሚያሳስተው በ112 እና በ114.3 መካከል ያለው ነው። የፎልክስዋገን ባለአምስት ብሎን ክበብ 112፣ የብዙ ቶዮታዎች 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 2.3 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ቸርኬው የገባ ይመስላል፤ ብሎኖቹ ግን ጠምዘዝ ብለው ይጠብቃሉ፣ በጊዜ ብዛትም ይላላሉ ወይም ይሰበራሉ።

ሁለተኛው የመሃል ቀዳዳው ነው። የብዙ ትናንሽ ቶዮታዎችና የዲዛየር መሃል 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን የተሠራ ቸርኬ ቀዳዳው ሰፊ ስለሚሆን ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልገዋል፤ ካልተደረገለት ባላንስ ተሠርቶለትም በፍጥነት ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ዳዶው ነው። ቶዮታ ባለ12 ሚሊ ሜትር ብሎኑን በ1.5 ጥርስ ሲሠራ ሱዙኪ በ1.25 ይሠራል፤ የአንዱ ዳዶ በሌላው ላይ በጉልበት ከታሰረ ጥርሱን ይበላዋል። የዳዶው መቀመጫም ከቸርኬው ጋር መግጠም አለበት። ብዙ የቶዮታ የፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬዎች ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ሲወስዱ፣ ከገበያ የሚገዙት በአብዛኛው ሾጣጣ ይፈልጋሉ።

አራተኛው ኦፍሴት የሚባለው ነው፤ ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚጋጠምበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መሃል ያለው ርቀት ማለት ነው። በቸርኬው ላይ ኢቲ ከሚሉ ፊደላት ጎን ይጻፋል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ፣ ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባል። ባለ6 ኢንች ስፋትና ኢቲ45 የነበረ ቸርኬ በባለ7 ኢንችና ኢቲ40 ቢቀየር፣ የቸርኬው የውጭ ጠርዝ በ17.7 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ፣ የውስጡ ደግሞ በ7.7 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይሄዳል። በውጭ በኩል ፓራፋንጎው፣ በውስጥ በኩል ሞላውና የመሪው ክፍሎች ያንን ያህል ቦታ አላቸው ወይ የሚለው በቅድሚያ ይለካል። ቦታ እንዲገኝ ተብሎ በሞዞው ላይ ማራቂያ ማስገባት ጎማውን የበለጠ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ኩሽኔታው ላይ ያለውን ጫና ይጨምራል።

መንገዱ የሚለው

እስካሁን የተባለው በየትኛውም አገር ይሠራል። የኢንቹን ጣሪያ የሚወስነው ግን መንገዱ ነው። በጉርድ ሾላ ዋናው አስፋልት ለስላሳ ቢሆንም ወደ ሠፈር ሲገባ ኮብልስቶን ይመጣል፤ ከኮብልስቶኑ ቀጥሎ ኮረኮንች፣ በየመሃሉም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ የተሰበረ የቱቦ ክዳንና የተቆፈረ መስመር ያጋጥማል። በክረምት ጉድጓዱ ውኃ ይሞላና ጥልቀቱ አይታይም።

በዚህ መንገድ ላይ ምቱን የሚቀበለው የጎማው ጎን ነው። ዲዛየሩ በ14 ኢንች ሲወጣ 132 ሚሊ ሜትር ጎን አለው፤ በ15 ኢንች 120፣ በ16 ኢንች 107፣ በ17 ኢንች 92 ይሆናል። ጎማው የሹል ጉድጓድ ጠርዝ ሲመታ ጎኑ ይታጠፋል፤ ጎኑ አጭር ከሆነ መሬቱና ቸርኬው በመሃላቸው ጎማውን ቆንጥጠው ክሮቹን ይበጥሷቸዋል። ክር የተበጠሰበት ቦታ ከቀናት በኋላ እንደ እባጭ ወጥቶ ይታያል። እንዲህ ያለ ጎማ አይጠገንም፤ ካላማዳሪ ማስገባትም አያድነውም፤ ይጣላል። አሉሚኒየሙም ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ቸርኬ በብየዳ ሲጠገን በፋብሪካ በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ በተበየደበት ዙሪያ ያጣል፤ ስለዚህ በተለይ ስንጥቁ የብሎን ቀዳዳዎቹ አጠገብ ወይም እግሮቹ ላይ ከሆነ መልሶ መገጠም የለበትም።

ጎማ ሲሰፋ የክረምቱ ውኃ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሰፊ ጥርስ ብዙ ውኃ መግፋት ስላለበት በፍጥነት ላይ ከአስፋልቱ ተነስቶ በውኃው ላይ የመንሸራተት ዝንባሌው ይጨምራል፤ ጥርሱ ያለቀ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ትልቅና ሰፊ ቸርኬ የመረጠ ሰው ጎማውን ሕጉ በብዙ አገሮች ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው 1.6 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ሳይጠብቅ መቀየር ይኖርበታል።

ለጭነትና ለገጠር መንገድ የሚውሉ መኪኖች ምርጫ በተቃራኒው ነው። 265/65አር17 ጎማ 172 ሚሊ ሜትር ጎን አለው፤ የክብደት ኮዱም 112፣ ማለትም 1,120 ኪሎ ግራም ነው። ወደ 265/50አር20 ሲኬድ ዲያሜትሩ ከሞላ ጎደል ያው ሆኖ ጎኑ ወደ 132 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ መደበኛው ጎማም 107 ኮድ፣ 975 ኪሎ ግራም ብቻ ይሸከማል። ከኋላው ባሌስትራ ተደርጎለት ለጭነት የተሠራ ፒካፕ በዚህ ጎማ ከከተማ ባይወጣ ይሻለዋል።

ግዢና ገጠማ

በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቸርኬ ከነጎማው ይገኛል። ቸርኬው በዓይን ብቻ ሳይሆን በባላንስ ማሽን ላይ ዞሮ መታየት አለበት፤ የተጣመመና የተበየደ እዚያ ላይ ይታወቃል። ጎማው ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት በኋላ የሚመጡት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ይናገራሉ፤ 2323 ማለት የ2023 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎማ ያረጃል። ታላላቅ አምራቾች ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከተመረተ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ምንም ደህና ቢመስል እንዲቀየር ይመክራሉ።

አራቱም ጎማዎች ፋብሪካው ሌላ ካላዘዘ በቀር አንድ ልክ ይሁኑ፤ ቢያንስ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ ልካቸውም ዓይነታቸውም አንድ መሆን አለበት። የፍሬን መቆለፍን የሚከላከለው ሥርዓት የአራቱን ጎማ ዙር እያወዳደረ ስለሚሠራ የተለያየ ዲያሜትር ያሳስተዋል። በአራት እግር በሚነዳ መኪና ላይ ደግሞ ልዩነቱ ዲፈረንሻሉን ይበላል። ስኮርታው የቀድሞው ትንሽ ቸርኬ ሆኖ ሊቀር የሚችለው ጠቅላላ ዲያሜትሩ ከአዲሶቹ ጋር እኩል ከሆነ ነው። የዳዶው መቀመጫ የተለያየ ከሆነ ለስኮርታው የሚሆኑት ዳዶዎች መኪናው ውስጥ መቀመጥ አለባቸው።

ከገጠማ በኋላ ጎሚስታው ቤት ሳይለቁ የሚደረግ ፍተሻ አለ። መሪው ወደ ቀኝም ወደ ግራም እስከ መጨረሻው ይዞራል፤ ከዚያ መኪናው ሰው ሞልቶበት ጉብታ ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል። ፓራፋንጎ ውስጥ የመፋተግ ድምፅ ከተሰማ ልኩ ወይም ኦፍሴቱ ስህተት ነው፤ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ቀጥቅጦ ማጠፍ መፍትሔ አይደለም። ዳዶዎቹ በተለካ ኃይል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ፤ ለብዙ የቶዮታ የቤት መኪኖች 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና መጥበቅ ግዴታ ነው፤ አዲስ አሉሚኒየም መቀመጫውን ሲይዝ ትንሽ ይላላልና። የእግር አላይመንትም አብሮ ይስተካከላል። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና በየዓመቱ ለምርመራ ይቀርባል፤ የፋብሪካውን ልክ የያዘ ወይም በትክክል የተሰላ ጎማ ቦሎ በሚታደስበት ጊዜ አያስጨንቅም።

ለአዲስ አበባ የቤት መኪና አንድ ኢንች መጨመር ከሞላ ጎደል ጉዳት የለውም፤ ፋብሪካዎች ራሳቸው የሚያደርጉት ነው። ሁለት ኢንች የሚቻለው የጎኑ ቁመት ከ100 ሚሊ ሜትር በታች ካልወረደና የክብደት ኮዱ ከተጠበቀ ነው። ሦስት ኢንች የሚጨምር ሰው በየጉድጓዱ ቸርኬና ጎማ ለመግዛት መዘጋጀት አለበት። ገንዘብ ከመክፈል በፊት አራት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር፣ የሚፈቀድለት የቸርኬ ስፋት፣ የክብደት ኮዱና የቸርኬው ኦፍሴት። ከአራቱ አንዱን እንኳ መናገር ከማይችል ሻጭ አለመግዛት ይሻላል።